ላም አለኝ በሰማይ፦ አዲስ የጽዳት ድርጅት ገንዘቡን መቼና እንዴት ይሰበስባል?

የቢዝነስ ዘገባ መምህራችን ባለፈው ሴሚስተር «ከሰፈራችሁ አንድ ሥራ ምረጡና ገንዘቡ ከየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ተከታተሉ» ብለውን ነበር። አብዛኞቹ የክፍል ጓደኞቼ ካፌና ልብስ ቤት መረጡ። እኔ የአክስቴን የጽዳት ድርጅት ያዝኩ። እውነቱን ለመናገር የመረጥኩት ቀላል ስለመሰለኝ ነው። መጥረጊያ፣ ባልዲ፣ በረኪና፣ ሠራተኛ፤ ከዚህ ሌላ ምን አለው ብዬ ነበር። አንድ ሴሚስተር ሙሉ ደብተሯን ስይዝላት ቆይቼ የተረዳሁትን በዚህ ጽሑፍ ለማካፈል እሞክራለሁ። ጥያቄዬ አንድ ነው፤ ሥራ ያለው፣ ትርፍም ያለው ድርጅት ደሞዝ መክፈል የሚያቅተው ለምንድን ነው?

አያቴና አክስቴ

አክስቴ የምትኖረው የካ ክፍለ ከተማ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው። ከደጇ ቆሞ ቀና ያለ ሰው የእንጦጦን ባሕር ዛፍ ያያል። አያቴ በጉልምስናዋ ከዚያ ጋራ ቅጠልና ጭራሮ ለቅማ፣ ጎንበስ ብላ በጀርባዋ ተሸክማ እየወረደች ትሸጥ ነበር። ብዙ የእንጦጦ ሥር እናቶች በዚህ ሥራ ልጅ አሳድገዋል። ድካሙ አጥንት የሚሰብር፣ ገቢው የቡና መግዣ ነበር። ይሁን እንጂ የአያቴ ንግድ አንድ የማይጣስ ሕግ ነበረው፤ ሸክሙ ሲወርድ ገንዘቡ ይቆጠራል። «ነገ ልስጥሽ» ያለ ሰው ካለ ሸክሙ ወደ ሌላ በር ይሄዳል።

አክስቴ ከዚያ ሸክም ወጣች። በሰው ድርጅት ውስጥ ለዓመታት አጽድታ፣ ኋላም የፈረቃ ተቆጣጣሪ ሆና ሠርታ፣ ባለፈው መስከረም የራሷን ንግድ ፈቃድ አወጣች። መገናኛ አካባቢ ካለ አንድ ባለ አምስት ፎቅ የቢሮ ሕንፃ ጋር ውል ተፈራረመች። የሕንፃውንም የድርጅቱንም ስም አልጠቅስም፤ ነገሩ የአንድ ድርጅት ብቻ አይደለምና። ሰፈሩ ሁሉ «አለፈላት» አለ። እኛም ቤተሰቦቿ ቡና አፍልተን መረቅናት።

ሦስት ወር ሳይሞላ የአንገት ሐብሏን ሸጠች። ልብ በሉ፣ ሥራው አልተቋረጠም፣ ደንበኛውም ውሉን አላፈረሰም፣ ሕንፃውም በየቀኑ ንጹሕ ነበር። ታዲያ ምን ሆነች?

ሂሳቡ በወረቀት

ስምንት ሠራተኞች አሏት። ለእያንዳንዳቸው በወር 5,000 ብር ትከፍላለች፤ በድምሩ 40,000 ብር። አሠሪው ለግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ የሚያዋጣው የደሞዙን 11 ከመቶ ስለሆነ 4,400 ብር ይጨመራል። ለዱቄት ሳሙና፣ ለበረኪና፣ ለጓንት፣ ለመወልወያ ጨርቅና ለሽንት ቤት ወረቀት 7,000 ብር፤ ለታክሲ፣ ለስልክና ለልዩ ልዩ 2,600 ብር። ጠቅላላ ወጪ 54,000 ብር። ውሉ በወር 60,000 ብር ነው። ትርፉ 6,000 ብር፣ ማለትም ከአሥር አንድ። በሦስት ወር 18,000 ብር። ሥራውን ስትጀምር ለባልዲ፣ ለመወልወያና ለሠራተኞች ቱታ ያወጣችውም 18,000 ብር ስለነበር በሦስተኛው ወር መጨረሻ ዕቃዋ ተመልሶላታል ማለት ነው። ለአዲስ ሥራ ይህ የሚያስከፋ አይደለም።

ሂሳቡ በኪስ

ወረቀቱ የማይናገረው ነገር ቀን ነው። ደሞዝ የሚከፈለው ወሩ በ30 ነው። የመስከረም የክፍያ መጠየቂያ የገባው ጥቅምት 1 ቀን ነበር። ገንዘቡ የመጣው ታኅሣሥ 4 ነው። በመካከሉ የመስከረም፣ የጥቅምትና የኅዳር ወጪ መሸፈን ነበረበት። ሦስት ጊዜ 54,000 ሲሆን 162,000 ብር ይመጣል። የዕቃውን 18,000 ስንጨምርበት 180,000 ብር። በወረቀት ዕቃዋን የመለሰችው አክስቴ፣ በኪሷ 180,000 ብር አውጥታ አንድም ብር አልገባላትም ነበር።

ይህን ገንዘብ ከየት አመጣችው? ለዓመታት ያጠራቀመችው 70,000 ብር ነበር። እቁቧን ቀድሞ እንዲወጣላት ለምና 60,000 አገኘች። ሐብሉ 35,000 ብር አወጣ። ድምሩ 165,000 ነው። የጎደለው 15,000 ብር።

ያ 15,000 ብር ከየት ተሞላ መሰላችሁ? ከሠራተኞቹ። ኅዳር 30 ለደሞዝ የተረፈው 25,000 ብር ስለነበር ለእያንዳንዳቸው 3,125 ብር ሰጥታ የቀረውን በሳምንት ውስጥ እንደምትሞላ ነገረቻቸው። እኔ ከጎኗ ተቀምጬ እያስፈረምኩ ነበር። አንዷ፣ ከኮተቤ በኩል እየተመላለሰች የምትሠራ የሁለት ልጆች እናት፣ ብሩን ቆጠረችና «እትዬ፣ የቤት ኪራዬ እኮ አራት ሺህ ነው» አለች። አልጮኸችም፤ እንዲያው ቁጥሩን ነው የነገረችን። አክስቴ መልስ አልነበራትም። ሴትዮዋ በማግስቱ አልመጣችም፤ ቀሪዋን ልትወስድ እንጂ ለሥራ ከዚያ በኋላ አላየናትም። በሥራዋ የምታስቀና ሰው ነበረች።

እኔ የዚህን ጽሑፍ ዋና ሐሳብ ያገኘሁት ያን ቀን ነው። አዲስ የጽዳት ድርጅት ሳያውቀው አበዳሪ ነው። አገልግሎቱን አስቀድሞ ሰጥቶ ገንዘቡን የሚጠብቅ ሁሉ ያበድራል። አክስቴ ከእሷ እጅግ ለሚበልጥ ድርጅት ያለ ወለድ እያበደረች ነበር። የእሷ ኪስ ሲያልቅ ደግሞ ብድሩ ወደ ሠራተኞቹ ወረደ። በወር 5,000 ብር የምታገኝ እናት ለባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ 1,875 ብር አበደረች ማለት ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ደብዳቤው የት ነበር?

እንደ ጋዜጠኝነት ተማሪ ጥፋቱን በሙሉ በደንበኛው ላይ ለማላከክ ተዘጋጅቼ ነበር። ኅዳር አጋማሽ ላይ አክስቴን ወክዬ ወደ ሕንፃው ሄድኩና የክፍያ መጠየቂያችንን ዱካ መከተል ጀመርኩ። ያገኘሁት ግን ሁለት ዓይነት ጥፋት ነው።

የመጀመሪያው የእኛው ነበር። ደብዳቤውን ያስገባነው ለጥበቃው በእጅ ሰጥተን ነው። መዝገብ ቤት ገቢ አልሆነም፣ ቁጥርም ቀንም አልተሰጠውም። ይባስ ብሎ ሥራው በውሉ መሠረት መሠራቱን የሚያረጋግጥ የሕንፃው አስተዳዳሪ ፊርማ አልተያያዘበትም። ፋይናንሱ ያለዚያ ፊርማ ገንዘብ አያወጣም። ወረቀቱ በአንድ ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ሳምንታት ተኝቶ ነበር። አስተዳዳሪውን ሳገኛቸው «ልጄ፣ ማን ጠየቀኝ? ቢያመጡልኝ ያኔውኑ እፈርም ነበር» አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

ሁለተኛው ጥፋት የእነሱ ነው። ወረቀቱ ከተሟላ በኋላም ቼኩ ተሠርቶ ሁለተኛው ፈራሚ መስክ ወጥተዋል ተባለ። ተመልሰው ሲመጡ ደግሞ ሒሳብ ሹሟ ዕረፍት ላይ ነበረች። ገንዘቡ አለ፣ ክፋትም የለም፣ ግን ቀን የሚቆጥርልን ሰው አልነበረም። ውላችን ራሱ «ክፍያ በየወሩ ይፈጸማል» ይላል እንጂ በስንተኛው ቀን እንደሆነ አይናገርም።

ሕጉ ምን ይላል?

ብዙ ሰው የዘገየ ክፍያ የትዕግሥት ጉዳይ ይመስለዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ግን ገንዘብ የመክፈል ግዴታውን ያዘገየ ባለዕዳ በዓመት 9 ከመቶ ሕጋዊ ወለድ እንዲከፍል ይደነግጋል። በመርሕ ደረጃ ባለገንዘቡ መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። ስለዚህ ውሉ ላይ የመክፈያው ቀን በቁጥር መጻፍ አለበት፤ «ይህ ቀን ካለፈ ያለ ተጨማሪ ማስጠንቀቂያ እንደዘገየ ይቆጠራል» የሚል ቃልም ቢገባበት ይጠቅማል።

ወለዱ ግን ብቻውን አያድንም። 60,000 ብር ለሁለት ወር ቢዘገይ በ9 ከመቶ 900 ብር ብቻ ይሆናል። በ900 ብር ደሞዝ አይከፈልም። በሌላው ዓለምም ችግሩ ስላለ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በመደበኛነት በ30 ቀን ውስጥ እንዲከፍሉ፣ በነጋዴዎች መካከል ደግሞ በግልጽ ሌላ ስምምነት ከሌለ ከ60 ቀን እንዳያልፍ ወስኗል። የሕጉ ዋና ጥቅሙ ቀን እንዲቆረጥ ማስገደዱ ነው። አሠሪው «ደንበኛዬ አልከፈለኝም» ማለቱ ደግሞ የሠራተኛውን ደሞዝ ዕዳ አያስቀርለትም፤ ሁለቱ ውሎች የተለያዩ ናቸው።

ከከተማችን ጽዳት የሚገኝ ትምህርት

የአሰባሰብ ዘዴ ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በአዲስ አበባ ቤት ለቤት ደረቅ ቆሻሻ የሚሰበስቡ ማኅበራት ቀድሞ ክፍያቸውን ከየቤቱ ራሳቸው ይለቅሙ ነበር። አንዱ ይሰጣል፣ አንዱ «በሚቀጥለው» ይላል፣ ሌላው በር አይከፍትም። በ1990ዎቹ መጨረሻ አካባቢ ከተማው አሠራሩን ለውጦ የጽዳት ክፍያው ከውኃ ሒሳብ ጋር አብሮ እንዲሰበሰብ አደረገ። በወቅቱ ከመኖሪያ ቤት የውኃውን ሒሳብ 20 ከመቶ፣ ከንግድ ድርጅት 42.5 ከመቶ ያስከፍል ነበር። ማኅበራቱም ባነሱት ቆሻሻ በሜትር ኪዩብ ይከፈላቸው ጀመር።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ሒሳብ ሰው የግድ ከሚከፍለው ነገር ጋር ሲያያዝ ይሰበሰባል። ሁለተኛ፣ በር ማንኳኳቱ ሲቀር ጥገኝነቱ ወደ አንድ ትልቅ ከፋይ ይዛወራል፤ ያ ከፋይ ቀን ካሳለፈ ሁሉም አብሮ ይጠብቃል። አክስቴም አንድ ደንበኛ ብቻ ስለነበራት የእሱ መዘግየት የእሷ መቆም ሆነ።

በእጅ ያለ ግን የእኛ ያልሆነ ገንዘብ

ሌላው አዲስ ድርጅትን የሚያሳስተው የሰው ገንዘብ ነው። ከሠራተኛው ደሞዝ ላይ ለጡረታ የሚቀነሰው 7 ከመቶ፣ በእኛ ሂሳብ 2,800 ብር፣ የሠራተኛው ነው። ከአሠሪው 4,400 ጋር በየወሩ 7,200 ብር ለጡረታ ይተላለፋል። የሚቆረጠው የደሞዝ ግብርም እንዲሁ የእኛ አይደለም። «ዛሬ ልጠቀምበትና እመልሰዋለሁ» ያለ ሰው በቅጣት ይመልሰዋል።

ደንበኛውም ከእኛ ላይ ይቀንሳል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ድርጅቶችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለአገልግሎት ሲከፍሉ 2 ከመቶ ቀድመው እንዲይዙ አዝዞ ነበር፤ የ2017ቱ ማሻሻያ ወደ 3 ከመቶ ከፍ አድርጎታል። ከ60,000 ብር ላይ 1,800 ብር ይያዛል፣ እጃችን የሚገባው 58,200 ነው። የተያዘው ገንዘብ ግን አልጠፋም፤ በዓመቱ መጨረሻ ከሚፈለግብን ግብር ላይ ይታሰባል። ለዚህም የተያዘበትን ደረሰኝ ተቀብሎ ማስቀመጥ ግድ ነው። ድርጅቱ አድጎ ለተጨማሪ እሴት ታክስ ሲመዘገብ ደግሞ በሒሳቡ ላይ 15 ከመቶ ይጨምራል። ያም የመንግሥት አደራ ነው። ባንክ ውስጥ ገባ ብሎ እንደ ገቢ መቁጠር ራስን ማታለል ነው።

ሐምሌና ጳጉሜን

የእኛ አገር ጊዜ ራሱ በደብተር መያዝ አለበት። የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል። ደንበኛው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ የሰኔን መጠየቂያ ከወሩ በፊት አስቀድሞ ማዘጋጀት ይበጃል። ሐምሌ ላይ አዲሱ በጀት እስኪለቀቅ ገንዘብ ቀስ ብሎ ነው የሚንቀሳቀሰው።

ጳጉሜን ደግሞ ወር ናት ሲሉ አይደለችም፣ አይደለችም ሲሉ ናት። በወር የተዋዋለ ድርጅት 12 ጊዜ ይከፈለዋል፤ ሕንፃው ግን በጳጉሜንም ይቆሽሻል፣ በረኪናውም ያልቃል። የጳጉሜን አገልግሎት እንዴት እንደሚከፈል ውሉ ላይ አስቀድሞ ካልተጻፈ አምስት ቀን፣ አንዳንዴም ስድስት ቀን፣ በነፃ ይሠራል። ለሠራተኛውም ከነሐሴ 30 እስከ መስከረም 30 ያለው ጊዜ ረጅም ነው። በመካከሉ ዘመን መለወጫ፣ የልጆች ትምህርት ቤት ምዝገባ፣ ደብተርና ጫማ አለ። የበዓል ብድር የሚጠየቀው ያኔ ነውና ከግንቦት ጀምሮ በትንሽ በትንሹ መቆጠብ ያስፈልጋል።

አሁን የምንሠራበት መንገድ

ከታኅሣሥ ወዲህ አክስቴና እኔ የለወጥናቸው ነገሮች የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፣ ውሉ ታድሶ «መጠየቂያው ከገባ በ15 ቀን ውስጥ ይከፈላል» የሚል ቃል ገባበት። አስተዳዳሪውን ለማሳመን ቁጥሩን ነው ያሳየናቸው። ክፍያው በ15 ቀን ቢሆን ኖሮ ከመጀመሪያው ገቢ በፊት የሚያስፈልገን የአንድ ወር ወጪ 54,000 እና የሁለተኛው ወር ሳሙና 7,000፣ በድምሩ 61,000 ብር ነበር። ከ162,000 ጋር አነጻጽሩት። ሥራው ያው፣ ትርፉም ያው ነው፤ የተለየው ቀኑ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ መጠየቂያው የሚዘጋጀው ወሩ በ25 ነው። የአቴንዳንስ ቅጂ፣ የአስተዳዳሪው ማረጋገጫ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የባንክ ሒሳብ ቁጥር ተያይዘው ወሩ እንዳለቀ መዝገብ ቤት ይገባሉ። ቅጂው ላይ ማኅተምና ቀን ሳይመታልን አንወጣም።

ሦስተኛ፣ በአሥረኛው ቀን በአክብሮት ስልክ እንደውላለን። ብዙዎቻችን የራሳችንን ገንዘብ መጠየቅ ያሳፍረናል፤ ይሉኝታ ይይዘናል። አክስቴ «የላቤን ነው የምጠይቀው» ማለትን የተማረችው ያቺ እናት ከሄደች በኋላ ነው።

አራተኛ፣ ትንንሽ ደንበኞች ጨመርን። ሲግናልና ሾላ አካባቢ ምንጣፍና ሶፋ የሚያሳጥቡ ቤቶች፣ የኮንዶሚኒየም ደረጃ የሚያስጠርጉ ነዋሪዎች። ገንዘቡ ትንሽ ነው፣ ግን ሥራው እንዳለቀ በእጅ ወይም በቴሌብር ይከፈላል። የሳሙናው ወጪ አሁን ከዚህ ነው የሚሸፈነው። የአያቴ ሕግ ተመለሰ ማለት ነው።

አምስተኛ፣ ደብተሩ ሦስት ዓምድ አለው፤ ቀን፣ የሚገባ፣ የሚወጣ። የሚቀጥሉት 12 ሳምንታት አስቀድመው ይጻፋሉ። ገና ያልተከፈለ መጠየቂያ «የሚገባ» ላይ የሚጻፈው ይከፈላል ብለን በምንጠብቀው ቀን እንጂ ባስገባንበት ቀን አይደለም። የሚጎድልበት ሳምንት ከወር በፊት ከታየ መፍትሔ ይፈለግለታል፤ በዕለቱ ከታየ ሐብል ይሸጥበታል።

ስድስተኛ፣ የመጠበቂያው ጊዜ ወጪ በእጅ ሳይኖር አዲስ ትልቅ ውል አይፈረምም። በጥር ሃያ ሠራተኛ የሚፈልግ ሥራ መጥቶልን ነበር። ክፍያው በ60 ቀን ነው አሉ። አክስቴ ሌሊቱን ሳትተኛ አድራ ጠዋት «ይቅርብኝ» አለች። ሰፈሩ ሞኝ ናት አላት። እኔ ደብተሩን ስላየሁ ሞኝነቱ አልታየኝም። እቁብም ቢሆን ለዕቃ መግዣ እንጂ ለደሞዝ እንዳይነካ ተስማምተናል። ዕጣው አንዴ ከወጣ በኋላ መዋጮው ይቀጥላል፤ የወለድ ባይኖረውም ብድር ነው።

ለእኛ ለተማሪዎች

በጋዜጦቻችንና በሬዲዮ ስለ አዳዲስ ሥራ ፈጣሪዎች ስንዘግብ የምንጠይቃቸው ጥያቄዎች ይታወቃሉ። በስንት ብር ጀመርሽ? ለስንት ሰው የሥራ ዕድል ፈጠርሽ? መልሱ ያምራል፣ ፎቶውም ያምራል። አክስቴን ጥቅምት ላይ ያነጋገራት ጋዜጠኛ ቢኖር ኖሮ «ለስምንት ሰዎች የሥራ ዕድል የፈጠረች ጠንካራ ሴት» ብሎ ይጽፍ ነበር። ውሸት አይሆንም፤ ግን ዜናው ያ አልነበረም። ስለዚህ ሁለት ጥያቄ እንጨምር፤ ደሞዝ የሚከፈለው በስንት ነው? ገንዘብ የሚገባውስ በስንት ነው? በሁለቱ ቀኖች መካከል ያለውን ክፍተት የሚሸፍነው ማን እንደሆነ ከጠየቅን፣ ብዙ ጊዜ መጥረጊያ ከያዘችው ሰው እንደርሳለን።

የዚያችን እናት ቀሪ 1,875 ብር ታኅሣሥ 5 ከፍለናታል። ቆጥራ ተቀበለችና አመሰገነች። ተመለሺ ብንላትም እንቢ አለች። ሌላ ቦታ፣ በየሳምንቱ የሚከፍሉ፣ አግኝታ ነበር።